መሪው ወደ ፊት ይምጣ

ከመጀመሪያው እንስማማ፤ ይህ ጽሑፍ ስለ ጀልባ ነው። ሸራዋ ተቀዶ፣ ሳንቃዋ ተራቁቶ፣ በጅቡቲ ከተማ ከዓሣ ወደቡ እልፍ ብሎ አሸዋ ላይ በድጋፍ ስለቆመች አንዲት አሮጌ ሳምቡክ ነው። ስለ እንጨቱ፣ ስለ ባሕሩና ስለ ታሪኩ የምለው ሁሉ እውነት ነው። ስለ ሳምቡኳና ስለ ኮሚቴዋ የምለው ግን ሻይ ቤት የሚያድግ ጨዋታ ነውና እንደ ጨዋታ ይወሰድልኝ። አንባቢ በመካከሉ ሌላ ነገር ከታየው፣ ያየው ዓይኑ ነው እንጂ ብዕሬ የለበትም።

የእንጨት ጀልባ ሁለት ጠላት አላት፤ አንዱ ባሕር፣ አንዱ የብስ። ባሕር ላይ ስትከርም ትል ይገባባታል። የብስ ላይ ስትከርም ደግሞ፣ በተለይ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው የጅቡቲ ሙቀት፣ የምድረ በዳው ነፋስ ሳንቃዎቿን ያደርቃቸውና ትናንት ተቃቅፈው የነበሩት ዛሬ በመካከላቸው ብርሃን ያሳልፋሉ። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሰዎች ለዚህ መላ ካገኙ ዘመናት አልፈዋል። በየጥቂት ወሩ ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባዋን ዳርቻው ላይ ያጋድሟታል። ሆዷን ይፍቃሉ፤ የተጣበቀባትን ዛጎልና አረም ያራግፋሉ። በየሳንቃው መጋጠሚያ ዘይት የጠጣ ጥጥ በመሮና በመዶሻ ይጠቀጥቃሉ። ከውኃ በታች የሚውለውን ገላዋን ኖራና ስብ አዋሕደው በእጃቸው ይለቀልቁታል፤ ከውኃ በላይ ያለውን የሻርክ ዘይት ያጠጡታል። ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። ባሕሩ ሳይመለስ አንዱ ጎን፣ በሚቀጥለው ሽሽት ሌላው ጎን፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ሪባን አይቆረጥም፤ መግለጫ አይወጣም። ጥርስ እንደ መፋቅ ያለ ነገር ነው፤ አምና ፍቄያለሁ ብሎ ዘንድሮ የሚተው የለም።

ከተማዋ ራሷ ከእንጨት ጀልባ ጋር ያደገች ናት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1862 ኦቦክን ከአፋር ሱልጣኖች በውል ወሰደች፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዓይኗን ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ አዞረችና ጅቡቲን ቆረቆረች። ሐዲዱ ከ1897 ጀምሮ ወደ ደጋው እየተዘረጋ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊትም ከመጣ በኋላም በታጁራ፣ በኦቦክ፣ በዘይላና በኤደን መካከል ሲመላለሱ የኖሩት ሳምቡኮች ናቸው። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ በ1885 መጨረሻ ታጁራ ገብቶ፣ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የተነሣው። ፈረንሳዊው ጀብደኛ ሄንሪ ደ ሞንፍሬም በ1911 መጥቶ ድሬዳዋ ላይ የቡናና የቆዳ ንግድ ሞከረ፤ ኋላ ወደ ባሕሩ ወርዶ ዕንቁ፣ ጠመንጃና ሐሺሽ ሲያመላልስ ኖረ፤ አልታይር የተባለች ጀልባ አሠራ፤ በ1931 የቀይ ባሕርን ምስጢር በመጽሐፍ ሸጦ ስሙ ገነነ። ዛሬ ዶራሌ ወደብ ላይ የቆሙት ክሬኖች ከሩቅ ሲታዩ ያ ሁሉ ተረት ይመስላል። ዓሣ ወደቡ ግን አሁንም የእንጨት፣ የናፍጣና የዓሣ ቅርፊት ይሸታል።

የእኛዋን ሳምቡክ ማን እንደሠራት የሚያውቅ የለም። ይህ ግን ማንንም ከመከራከር አላገደም። አንዱ ወገን «የ3 ሺህ ዓመት ጀልባ ናት» ይላል። ሌላው ወገን «የለም፣ 100 ዓመት ቢሆናት ነው፤ እሷንም በጉልበት ነው የገጣጠሟት» ይላል። ከመሐል አንድ የዋህ ተነሥቶ እንጨት 3 ሺህ ዓመት እንደማይቆይ ሲያስረዳ ሁለቱም ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙና እሱን አስወጡት። ጀልባ በማደስ ያረጀው የታጁራው ናኹዳ (የጀልባ አለቃ)፣ ሰው ሁሉ ሐጂ የሚለው፣ ክርክሩን በወደብ አማርኛው አዳምጦ «ዕድሜዋን ተዉት፤ ውኃ የሚገባባትን አሳዩኝ» አለ። ይህ በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም፤ ከአጀንዳው ውጪ ነበርና።

ኮሚቴው የተቋቋመው ጀልባዋን ለማደስ ነው። አባላቱ አብዛኞቹ ከደጋ የወረዱ ናቸው፤ ሊቀ መንበሩም ባሕርን የሚያውቁት በመስኮት ነው። ይህ እንደ ጉድለት አልታየም። ባሕር ያየ ሰው ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ራእይ የለውም ተባለ። የመጀመሪያው አጀንዳ የጀልባዋ ስም ሆነ። ስም ለማውጣት የድሮውን ስም መፋቅ ስላስፈለገ ሐጂ በቢላው ጫፍ ከአፍንጫዋ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የቀለም ቅርፊት አንሥቶ በመዳፉ ላይ አኖራት። ከጎን ሲያዩዋት እንደ ድርብርብ ቂጣ ናት። ከሥር ወርቅማ አለ። ከሱ በላይ ቀይ፣ ደማቅ ቀይ፣ ወፈር ያለ። ከቀዩ በላይ ሰማያዊ ጣል ጣል ያለበት። ከዚያ በላይ ገና ያልደረቀ፣ በእጅ ሲነካ የሚጣበቅ፣ ምን ቀለም እንደሆነ ለመናገር የሚያስቸግር። በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፎ ተገኘ፤ «አዲሲቱ» ይላል። ሐጂ ቅርፊቷን ገልብጦ ጀርባዋን አሳየ። እንጨቱን የነካ አንድም ቀለም የለም፤ ሁሉም የተቀባው ባለፈው ቀለም ላይ ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ትገልበጥ» አለ ሐጂ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። በር አጠገብ የነበሩት በሩን ዘጉት። ሁለት አባላት ስልካቸውን አወጡና መልሰው ከተቱት። ሊቀ መንበሩ ላባቸውን ጠርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐጂ፣ እንደ አባት ነው የምናከብርዎት፤ እዚህ ቤት ግን እንዲህ ያለ ቃል አይነሣም» አሉ። ሐጂ ግራ ገባው። ሆዷን ካላየን ምን እንደያዛት አናውቅም፤ ሆዷን ለማየት ደግሞ በጎኗ መተኛት አለባት፤ አባቴም እንዲህ ነው የሠራው፤ ከዚያ ተመልሳ ትቆማለች አለ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ስማቸው ተያዘ። ከረዥም ውይይት በኋላ ጀልባዋ ሳትገለበጥ፣ ባለችበት ቆማ፣ ከላይ ወደ ታች ጥገናዊ ለውጥ እንዲደረግላት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ከታች ወደ ላይ ይሁን ያሉት የድምፅ ማጉያው ስላልደረሳቸው አልተሰሙም።

ቀጥሎ የመጣው የመሪው ጉዳይ ነው። የሳምቡክ መሪ ከኋላ ነው የሚሆነው። ገላው አብዛኛው ውኃ ውስጥ ነው፤ ከዳር ቆሞ ለሚያይ አይታይም። ሥራው ከውኃው ጋር እየታገለ፣ ግፊቱን በገላው እየቻለ፣ ጀልባዋን በቀስታ ማዞር ነው። ብዙ ከዞረ ይሰበራል፤ አልዞርም ካለ ድንጋይ ላይ ይጥላታል። ኮሚቴው ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «መሪ እንዴት ከኋላ ይሆናል? መሪ ከፊት ነው! ውኃ ውስጥ ተደብቆስ ማን ሊያየው ነው?» ተባለ። ሐጂ ከፊት የሚሆነው አፍንጫዋ እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። አልተሳካለትም። መሪው ተነቅሎ፣ ታጥቦ፣ ወርቅማ ቀለም ተቀብቶ ከፊት ለፊት ተተከለ፤ የማታ መብራትም ተደረገለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ መሪውን ያያል። የኮሚቴው ጋዜጣም ባወጣው ጽሑፍ ጀልባዋ ባለ ራእይ መሪ ማግኘቷን ገለጸ። ከኋላ የቀረውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈኑት።

ሸራም አልነበራትም። ይህ ግን ብዙ አላስጨነቀም፤ ሸራ ባይኖርም ነፋስ ወደ ነፈሰበት መዞር የሚያውቅ አባል ሞልቷል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሳንቃዎቹ ናቸው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። በዚህ ባሕር የጀልባ አናጺ አስቀድሞ ሳንቃውን ያያይዛል፤ የጎድን አጥንቱን የሚያስገባው ኋላ ነው። ጥሩ ሳንቃ ከህንድ ከማላባር የሚመጣው ቲክ ነው፤ የጎድን አጥንቱ ደግሞ ተፈጥሮ ያጎበጠው የአገሬው ግራር። ስለዚህ አንዲት ሳምቡክ ከብዙ ደን የተሰበሰበች ናት፤ ከአንድ ዛፍ ብቻ የተሠራች ጀልባ ብትኖር ሑሪ የሚሏት፣ ከአንድ ግንድ የምትፈለፈለው ትንሿ ናት፤ እሷም ሩቅ አትሄድም። ሳንቃዎቹ ሲደርቁ ተለያይተዋል አልኩ። ኮሚቴው ይህን ሲያይ አጥኚ አሰማራ። አጥኚውም እያንዳንዱ ሳንቃ የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ቀለምና የራሱ ምስማር እንዳለው አረጋግጦ፣ እያንዳንዱ በስሙ እንዲጠራና ሲከፋው የመገንጠል መብቱ እንዲጠበቅለት ሐሳብ አቀረበ። ይህም ከቀኝ በኩል ሲቆጠር 39ኛው በሆነው ሳንቃ ላይ በጉልህ ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ያ ሳንቃ ሰላም አላገኘም። ግማሹ ኮሚቴ «ውኃ የሚገባው በ39ኛው ነው፤ ይነቀል» ይላል። ግማሹ «እሱ ከተነቀለ ጀልባዋ አትቆምም፤ ይነካና እናያለን» ይላል። ሐጂ ጠጋ ብሎ በጣቱ ደባበሰውና እንደ ሌሎቹ ሳንቃ እንደሆነ፣ ከላይ የተጻፈበት ጽሑፍ ውኃ እንደማያስገባም እንደማያቆምም፣ ችግሩ ሁሉም መድረቃቸው እንደሆነ ተናገረ። «ሳንቃ በስብሰባ አይገጥምም» አለ። «መጀመሪያ በመካከላቸው ጥጥ ጠቅጥቁ። ከዚያ ዝቅ ባለው ውኃ ውስጥ ጥቂት ቀን ትንከር። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ራሱ ወደ ጎረቤቱ ይጠጋል። አብሮ ያልረጠበ ሳንቃ አይታረቅም።» ሁለቱም ግማሾች ሐጂን የሌላው ወገን ሰው ነው ብለው ጠረጠሩት።

በጀት መጣ። ጅቡቲ ውስጥ ማንኛውም ቁም ነገር ከቀትር በፊት ማለቅ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከአወዳይ የተነሣው ጫት ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አገር በሙሉ ባለ ራእይ ነው። ኮሚቴው ይህን አገናዝቦ በጀቱን በጠዋት አጽድቆ በከሰዓት አከፋፈለው። ኖራ ተገዛ፤ ስብ ተገዛ። ኖራው ከነከረጢቱ መጣ። ስቡ ግን ከነበጉ ነበር የተገዛውና በጉ በመንገድ ላይ ከአባላቱ ጋር ተገናኘ። ሐጂ ስብ ሲጠይቅ የግዥ ሠነድ ሰጡት፤ ሦስት ፊርማ፣ አንድ ማኅተም። ኖራ ያለ ስብ አይያዝም፤ ውኃ ሲነካው ይታጠባል። ይሁንና «ነጭ ሆና ትታይ፤ እንግዳ ይመጣል» ተብሎ ደረቁ ኖራ ተለሰነባት።

በዚህ መካከል ከጥግ የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ አለ። በልጅነቱ ዋሸራ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ፣ ኋላ ባሕር ኃይል የተቀጠረ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በመርከብ መጥቶ እዚሁ የቀረ። ጋሼ ይሉታል። ባሕር የሚያውቅ የኮሚቴው ብቸኛ አባል እሱ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ የለውም። ሻዩን ፉት ብሎ እንዲህ አለ፦

ስቡን ሌላ በልቶት ጢስ እያሸተተች፣
ኖራ ኖራ ኖራ ጀልባዪቱ ነጣች።

ሊቀ መንበሩ ስለ ቀለሙ የተሰጠ ምስጋና መስሏቸው በጣም ደስ አላቸው፤ ግጥሙ ተጽፎ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አዘዙ። ተሰቀለ።

ኦዲተሩም በዚያው ሳምንት መጣ። የሸራ መስፊያ ክር እንዳይበጠስና ውኃ እንዳይጠጣ በንብ ሰም ይታሻል፤ ሰም ደግሞ ከቡናና ከቆዳ ጋር ከደጋ እየወረደ በዚህ በር ሲወጣ የኖረ ዕቃ ነው፤ ኮሚቴውም ሸራ ሳይኖረው ሰም በብዛት ገዝቷል። መዝገቡ ላይ ለመሪው ማስጌጫ የወጣ የወርቅ ቅብም አለ፤ ከፊት የተተከለው ግን በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ተራ ቀለም ነው። ኦዲተሩ መነጽሩን አውልቆ «ሰሙ ገብቷል፤ ወርቁ የት ገባ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ከጥግ ጋሼ ብቻ ሳቀ። በነጋታው ኦዲተሩ ወደ ሌላ ወደብ ተዛወረ።

አሁን ወደ ትሉ እንምጣ። የጀልባ ትል፣ ቴሬዶ የሚሉት፣ ትል ይባል እንጂ ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር ፍጡር ነው። በራሱ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ዛጎሎች እንደ ሞረድ እየተጠቀመ እንጨት ይቦረቡራል። ሲገባ በዓይን አይታይም፤ የሚገባበት ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ቢያክል ነው። ከገባ በኋላ ግን ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል፤ በገባበት በርም አይወጣም፤ ሊወጣ ቢፈልግ እንኳ ወፍሯል። የሚኖርበትን ዋሻ ኖራ በመሰለ ነገር እየለሰነ ያሳምረዋል። ሳንቃው ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ሲንኳኳ ነው ባዶነቱ የሚሰማው። እ.ኤ.አ. በ1731 ሆላንዶች ባሕር የሚገድቡበት ግንድ ሁሉ እንዲህ ተበልቶ ተገኝቶ አገር ተሸብሯል። ከጠባዩ ሁሉ የሚገርመው አንድ ነው፤ በአንድ ሳንቃ ውስጥ ብዙ ትሎች ሲኖሩ የአንዱ ዋሻ የሌላውን አይነካም። ይጠማዘዛል፣ ይዞራል፣ ጎረቤቱን አክብሮ ያልፋል። እንጨቱ እስኪያልቅ ድረስ በመካከላቸው ፀብ አይሰማም።

ሐጂ በመዶሻው እጀታ አንዱን ሳንቃ አንኳኳና ድምፁን ሰምቶ ዝም አለ። ኮሚቴው ግን ማንኳኳት ሥርዓት አይደለም ብሎ መጠይቅ አዘጋጀ። ሳንቃዎቹ በየተራ «እንዴት ናችሁ?» ተባሉ። ሁሉም ደኅና ነን አሉ። ውስጡ ክፉኛ የተበላው ከሁሉ ቀድሞ መለሰ። ሪፖርቱ ተጠርዞ በቀረበ ዕለት ጋሼ እንደገና አንድ አለ፦

ሐኪም ሲመረምር የታመመች ጀልባ፣
ደኅና ነኝ ትል ኖሮ ሆዷ ውስጥ የገባ።

ይህኛው አልተሰቀለም። ያ ማለት ገብቷቸዋል ማለት አይደለም፤ ግድግዳው ሞልቶ ነው።

ከስብሰባው በኋላ ወጣቶቹ ጋሼን ከበው «እርስዎ እንኳ ትልቅ መርከብ ያዩ ሰው ነዎት፤ ይች ትድናለች?» ብለው ጠየቁት። ጋሼ ስለሚያውቀው ነገር ነገራቸው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሠረተ፤ ምጽዋ ላይ አደገ። በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው ትልቋ መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። በ1991 ሥርዓቱ ሲፈርስ መርከቦቹ ወደ ጎረቤት አገሮች ወደቦች ሸሹ። በ1993 አገሪቱ ባሕር የሌላት ሆነች፤ መርከቦቹ ግን ገና ባሕር ላይ ነበሩ። በ1996 የወደብ ኪራያቸው አልተከፈለም ተብሎ ጅቡቲ ላይ የነበሩት ተያዙና ለጨረታ ቀረቡ። «ብረት ነበሩ፤ ብረት ትል አይበላውም» አለ ጋሼ። «የበላቸው ባለቤት ማጣት ነው። መድፍ ያልነካው መርከብ ባልተከፈለ ኪራይ ተሸጠ። ጀልባ የሚሞተው ሲመታ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ነኝ ባይ ሲያጣ ነው።» አንዱ ወጣት «ታዲያ ኮሚቴው አለ አይደል?» ቢለው ጋሼ ሻዩን ጨረሰ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፤ ምንጣፍ ከአሸዋው እስከ ውኃው አፍ ድረስ ተዘረጋ። ሐጂ በማለዳ መጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ለመነ፤ ዛሬ አይሁን፤ ሳንቃዎቹ ደርቀዋል፤ ጥጥ አልገባም፤ ቢያንስ እስከ ወገቧ ገብታ ጥቂት ቀን ትጠጣ፤ ተጠጋግተው ካበጡ በኋላ ብትሄድ ትሄዳለች። ሊቀ መንበሩ በትሕትና ሰሙትና የጥሪ ካርዱ አንዴ እንደተበተነ፣ ቴሌቪዥንም እንደተጠራ ገለጹለት። ባሕሩ ለካርዱ ግድ እንደሌለው ሐጂ ሊናገር አስቦ ተወው፤ ዕድሜው የገፋ ሰው የሚጠቅመውን ያውቃል።

ንግግር ተደረገ። ሪባን ተቆረጠ። ድጋፉ ተነሣ። ጀልባዋ ድጋፉ ሲነሣባት አንድ ጊዜ ዘመም ብላ የሕዝቡን ትንፋሽ አቋረጠችና፣ በብዙ ትከሻ እየተገፋች ውኃ ገባች። ጭብጨባው ቀለጠ። መሪው ከፊት ስለሆነ ጀልባዋ ወደ ፊት በተገፋች ቁጥር አፍንጫዋን ወደ ኋላ አዞረች፤ ከዳር ለሚያይ ለሕዝቡ እጅ የምትነሣ ትመስላለች፤ ካሜራውም እንደዚያ ቀረጻት። ኖራው በውኃው ላይ እንደ ወተት ተበተነ። ከዚያ ከሆዷ በኩል ቀስ ያለ የጉርጉርታ ድምፅ መጣ። በ39ኛው ብቻ አይደለም፤ በ12ኛውም፣ በ27ኛውም፣ በጨርቅ በተደፈነው የመሪው ቀዳዳም፣ ደኅና ነኝ ባለው ሳንቃ ሁሉ ውኃው ገባ።

ሊቀ መንበሩ ከመሪው አጠገብ ቆመው ነበር። ውኃው ቁርጭምጭሚታቸው ሲደርስ ማይክሮፎኑን ተቀበሉ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም፤ ባሕር ያላየ አይፈራም ተብሏል። «ወገኖቼ!» አሉ። «ከዚህ ወዲያ የሰው ደጅ የምንጠና አይደለንም፤ እነሆ የባሕር በር አግኝተናል!» እልልታው ከድንኳኑ እስከ ባልባላ ሠፈር ተሰማ ይላሉ፤ ውኃው ግን ጉልበታቸው ጋ ነበር። ስፍራው ጥልቀት ስላልነበረው ማንም አልሞተም። ከኋላ የነበሩት አባላት አስቀድመው በአንድ ሑሪ ወጥተዋል፤ ሊቀ መንበሩን ሐጂ በጀርባው አዝሎ አወጣቸው። ለዚህም በማግሥቱ ያለ ፈቃድ መሪውን ስለ መልቀቅ ማብራሪያ ተጠየቀ።

አጣሪ ቡድን ተቋቁሞ ጥፋተኛውን በአጭር ጊዜ አገኘው። ባሕሩ ነው። ከጥንትም ለጀልባችን ቀና ሆኖ አያውቅም፤ ከኋላውም የሚያናውጠው የውጭ እጅ አለ ተባለ። የመፍትሔ ሐሳቡም ባሕሩ እስኪስተካከል ድረስ ኮሚቴው ሥራውን እንዲቀጥል ነው። የቆመችበት ስፍራ ኪራይ ግን ሲቆጠር ኖሯል፤ ባለ ዕዳ ጀልባ ደግሞ በዚህ ወደብ ምን እንደሚገጥማት ጋሼ ነግሮናል። ከጨረታው በፊት እንድረስ ተባለና አባላቱ በመጨረሻ ያልተከራከሩበትን አንድ ነገር አደረጉ፤ ፈቷት። ሳንቃው ተቆጠረ፤ በስም በስሙ ተለየ፤ የሚበዛው ቀለምና የትል ዋሻ ቢሆንም ተመዘነ፤ ለእያንዳንዱ ወገን የራሱ ሳንቃ ከነምስማሩ በክብር ተሰጠው። ወርቅማውን መሪ ሊቀ መንበሩ ወሰዱት፤ ሳሎናቸው ውስጥ ከፊት ለፊት ተሰቅሏል።

ሐጂ በዚያው ቀን ባሕሩ ሲሸሽ የልጁን ጀልባ ዳርቻው ላይ ገለበጣት፤ ትንሽ ናት፣ ቀለሟም የረባ አይደለም። ሆዷን ፍቆ፣ ሁለት ሳንቃ በመዶሻው እጀታ አንኳኩቶ፣ አንዱ ባዶ ድምፅ ስለሰጠው ቆርጦ ጣለውና ሌላ ተካ፤ ስቡንም ያለ ሠነድ ለቀለቃት። ሲነጋ ፍየልና ዱቄት ጭና ወደ ታጁራ ተሻገረች። በድርሻው ሳንቃ ላይ ተቀምጦ የተሻገረ ሰው ግን እስካሁን አልሰማንም።